ከሐጂ አደም ሰዓት ሆድ ውስጥ ያገኘሁት

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በታኅሣሥ፣ ስንዴ የሚታጨድበት ሰሞን ነው። ዓመት አለፈው፤ ግን ዛሬም የሰዓት ክዳን ልከፍት ስል እጄ ትንሽ ያመነታል። ባለቤቴ "ጻፈውና ይውጣልህ" ብላ ስለወተወተችኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ራሴን ለማስመስገን እንዳልሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ታውቁታላችሁ።

ስሜ ከማል ነው። ሮቤ ውስጥ አንዲት ጠባብ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ አለችኝ። ዛሬ ሰዓት ማን ያስጠግናል እንዳትሉኝ፤ እውነት ነው፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ነው የሚያየው። እኔ እንጀራዬን የማገኘው ከድሮ የስዊዝ የባትሪ ሰዓቶች ነው። የባትሪ ሰዓት ስላልኩ የመንገድ ዳር ፕላስቲክ አይምሰላችሁ። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ ያኔ ባለጠጋ ብቻ የሚያስራቸው፣ ውስጣቸው ያለው ማሽን ሳይቀር ወርቅማ የሆነ ሰዓቶች ናቸው።

በየገበያው እየዞርኩ "የቆመ ሰዓት ያለው!" እላለሁ። ጎሮ ገበያ ላይ "ሬሳ ገዢው መጣ" ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ! ሬሳውን ገዝቼ፣ አጥቤ፣ የጎደለውን ሞልቼ ስቀሰቅሰው፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ አሮጌ ሰዓት ወዳድ ደንበኛዬ ደስ ብሎት ይወስደዋል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደለ የሚባሉ የጎባ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ገብቼ ሰባት ዓመት ከእሳቸው ጋር ሠራሁ። እኔ ሙስሊም፣ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ቤታቸው ሥጋ በሚሠራበት ቀን ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ ይሠሩልኝ ነበር። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ፣ ሰው "የማን ልጅ ነህ?" ሲለኝ "የጋሽ ታደለ" ብዬ የመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

ጋሽ ታደለ የከፈቱትን ሰዓት ሁሉ ክዳኑ ውስጥ በመርፌ ጫፍ ሦስት ነጥብና ዓመተ ምሕረቱን ይጭሩበት ነበር። ሰዓት ሠሪ ሁሉ የራሱ ምልክት አለው። ነገ ሌላ ባለሙያ ሲከፍተው ከእሱ በፊት ማን እንደነካው እንዲያውቅ ነው።

አሁን ወደ ሐጂ አደም ልግባ። ሐጂ አደም የጎሮ ገበሬ ናቸው። ለሐጅ ሄደው ሲመለሱ ከጂዳ አንድ የወርቅ ሰዓት ይዘው መጡ፤ ስስ፣ ክብ፣ ፊቱ ነጭ። በዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ሰዓት የነበረው ሌላ ሰው አልነበረም። ሠርግ ሲኖር ሙሽራው የሐጂን ሰዓት ተውሶ ያስር ነበር። ሐጂም ደስ እያላቸው ይሰጣሉ፤ በማግስቱ ታጥቦ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ ይመለስላቸዋል። በሳሙና እያጠቡባቸው ስንቴ እንዳስደነገጧቸው ራሳቸው አጫውተውኛል።

የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ግድም ሰዓቱ ቆሞ ጎባ፣ ጋሽ ታደለ ዘንድ መጣ። ሲያልቅ ለሐጂ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ጎሮ ገበያ መሐል፣ ሰው ከቦን እያየ፣ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው። "አላህ ያሳድግህ" ብለው መረቁኝ። በእጄ የያዝኩት የመጀመሪያው የወርቅ ሰዓት ስለነበር ያቺን ቀን ለሚስቴም፣ ለጓደኞቼም፣ ላገኘሁት ሁሉ ስንቴ እንዳወራኋት አልቆጥረውም።

የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ያን ሰዓት እንዲሸጡልኝ ሐጂን ለዓመታት ስለምናቸው ኖርኩ። "ዞር በል ወዲያ!" ይሉኝ ነበር። አምና ግን ራሳቸው ደወሉ።

"ከማል፣ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ? ያን ሰዓት አሁንም ትፈልገዋለህ?"

"እንዴት አልፈልገውም ሐጂ!"

"እንግዲያው ና ውሰደው። ከቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አሁን ስልኩ ራሱ አዛን ይልልኛል፣ ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ሸጬው የመንደሩን የውሃ ጉድጓድ ላስጨርስበት።"

ጉድጓዱን አውቀዋለሁ። ግማሽ ተቆፍሮ ገንዘብ ሲያልቅ ተትቶ፣ ሴቶቹ ጀሪካን እያዘሉ ሩቅ ወንዝ ይወርዳሉ።

በማግስቱ ሄድኩ። ቤታቸው ጎረቤቱም ልጁም ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ሐጂ ሰዓቱን በነጭ መሐረብ እንደተጠቀለለ ከሣጥን አውጥተው ሰጡኝ።

ከሌላ ሰው ስገዛ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን ሳላይ አልከፍልም። መክፈቻዋም ኪሴ ውስጥ ነበረች። ግን እንዴት ብዬ? ሐጂ ቁጭ ብለው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሰዓታቸውን ፈልቅቄ ሆዱን ማየት "አላመንኩዎትም" እንደማለት ሆነብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።

"አትከፍተውም እንዴ?" አሉኝ ራሳቸው።

"ኧረ ሐጂ! የእርስዎ ሰዓት ደግሞ ይከፈታል?" አልኩ አፌን ሞልቼ።

ከፈልኩ፣ ዱዓ ተደረገ፣ እኔም ወደ ሮቤ ተመለስኩ። መንገዱን የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ይዞብን ሚኒባሱ ከኋላው ሲያዘግም፣ እኔ በየደቂቃው ኪሴን እዳብስ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ከፈትኩ። ሻዬን ከፔርሙዜ ቀዳሁ። ፔርሙዜ የሚቀመጠው እትዬ ብርቄ ከጋሽ ታደለ ቀብር በኋላ በሰጡኝ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ነው። የእሳቸው የተሰባበረ ዕቃ ነው ብዬ፣ መጀመሪያ ኀዘኑ አላስችል ብሎኝ፣ በኋላም ረስቼው፣ አፉ በፕላስተር እንደታሸገ ከፍቼው አላውቅም። ሻዬን ፉት አልኩ፣ ሌንሴን ዓይኔ ላይ ሰካሁ፣ "ቢስሚላህ" ብዬ የሐጂን ሰዓት ክዳን ፈለቀቅኩ።

ክው አልኩ!

ወርቅማው ማሽን የለም። በቦታው ርካሽ ሰዓት ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ ማሽን፣ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን በፕላስቲክ ቀለበት ተደግፎ ተቀምጧል። ባትሪው ፈሶ አረንጓዴ ዝገት አልብሶታል። ሌንሱን አውጥቼ በሸሚዜ ጠርጌ ድጋሚ አየሁ። ያው ፕላስቲክ ነው።

ክዳኑን ገለበጥኩት። ሦስት ነጥብ ተጭሮበታል። ከጎኑ ዓመተ ምሕረቱ አለ፤ እኔ ራሴ ሰዓቱን ለሐጂ ያሰርኩበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ምልክት የለም።

"ጋሽ ታደለ?" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን።

በእኛ ሙያ ማሽን ከመቀየር የከፋ ነውር የለም። ባለሰዓቱ ውጩን እንጂ ውስጡን አያይም፤ አምኖ ነው የሚሰጥህ። ዋናውን አውጥቶ ሸጦ ርካሽ የሚከት ሰው እንዳለ እሰማለሁ። ግን ጋሽ ታደለ? የወደቀች ቡሎን ለመፈለግ ግማሽ ቀን መሬት ላይ የሚንበረከኩት ሰውዬ? ሻዬ ቀዝቅዞ እዚያው ቀረ።

ስልኬን አንስቼ ሐጂ ጋ ደወልኩ። ከጋሽ ታደለ በኋላ ሌላ ሰው ሰዓቱን ነክቶት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ወላሂ ማንም አልነካውም። ጋሽ ታደለ ከሠሩት በኋላ ሦስት ዓመት ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። እሳቸውም ዓይናቸው ደክሞ ሱቁን ዘግተው ነበር፤ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ምነው?"

ዝም ብዬ ብውጠው ምን ነበረበት? ግን ድንጋጤው አላስቀመጠኝም፤ "ሐጂ፣ ውስጡ የራሱ አይደለም" የሚለው ከአፌ አመለጠ።

"ሱብሃነላህ" አሉ ቀስ ብለው። "ገንዘቡን ለቆፋሪዎቹ ሰጥቻለሁ። ግን እኔ ሐራም አልበላም፣ ልጄ። የፊታችን ገበያ ና፣ ትወስዳለህ።"

"ኧረ ሐጂ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም!" ብል ስልኩ ተዘግቷል። መልሼ ብደውል አያነሱም።

የገበያው ቀን ጎሮ ስደርስ ያየሁትን አልረሳውም። ሐጂ አደም በዚያ ዕድሜያቸው አንድ በሬ እየጎተቱ ወደ ከብት ተራው እየገቡ ነው። የእርሻ በሬያቸውን ሊሸጡ! ሰው ከበባቸው።

"ሐጂ፣ ምን ሆነው ነው የእርሻ በሬ የሚሸጡት?" ይላል አንዱ።

"ሰዓቱ ፎርጅድ ሆኖ ነው አሉ" ይላል ሌላው። የሆነ ሰው ሳቀ። ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። እኚያ ገበያው ሁሉ ተነስቶ ሰላም የሚላቸው ሰው፣ ዓይናቸውን ከበሬው ገመድ ላይ ማንሳት አቃታቸው።

ደሜ ፈላ። ሰውን በክንዴ ገፋ ገፋ አድርጌ መሐል ገባሁና ጮህኩ።

"ስሙኝ! ሐጂ ምንም አላጠፉም! የሰዓቱን ማሽን የሰረቀው የጎባው ታደለ ነው! እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ ሌባ ነበር!"

"ጋሽ" የምትለዋን እንኳ ጣልኩ። ታደለ አልኩ፣ እንደ እኩያዬ።

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። "ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ሲወዱኝ ልጄ የሚሉኝ እንዲያ ነው። "ሙት እኮ ናቸው። አይመልሱልህም።"

በሬው እንዳይሸጥ ለምኜ፣ ሽማግሌ አስገብቼ አስመለስኩ። ገንዘቡንም አልቀበልም አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ ሞልቶ ነው የተመለስኩት። ሐጂን ከሐሜት ያዳንኩ፣ ሐቅ የተናገርኩ ጀግና መስሎኝ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ብርቄ ከጎባ መጥተው ሱቄ በር ላይ ቆሙ።

ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ጎባ እንደሚገባ እንዴት አላሰብኩም? ተነስቼ ወንበሬን አቀረብኩ። አልተቀመጡም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው አዩኝ።

"ታደለን ሌባ አልከው አሉ፤ በገበያ መሐል።"

"እትዬ፣ እኔም አዝኜ ነው። ሰዓቱ እዚሁ አለ፣ ልክፈትና ላሳይዎት..."

"እኔ የሰዓት ሆድ አላውቅም" አሉ። አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። "ልጣላህም አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ነው። ያቺን ቆርቆሮ ከፍተሃታል?"

"የትኛዋን?"

ጣታቸውን ወደ ፔርሙዜ ዘረጉ። "እሷን። ሊሞት ሲል 'ይቺን ለከማል ስጪው፣ እሱ ለየባለቤቱ ያደርሰዋል' ብሎ አደራ ያለኝን። ስሰጥህ ነግሬህ ነበር። ለቅሶ ላይ ስለነበርክ አልሰማኸኝም መሰለኝ።"

ምን ልበላችሁ? ፔርሙዙን በጥድፊያ ሳነሳ ሻዩ ፈሰሰ። ቆርቆሮዋ ላይ የስድስት ዓመት የሻይ ቀለበት ተደራርቦ ታትሟል። እትዬ ብርቄ ያን ቀለበት በዓይናቸው ሲያዩት አየሁ። ዞር አልኩ።

ፕላስተሩን ላጥኩት። የተሰባበረ ዕቃ አልነበረም። ውስጧ መድኃኒት ቤት ክኒን የሚያደርጉባት ዓይነት የወረቀት ፖስታዎች በቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አንድ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ በጋሽ ታደለ ደቃቅ ጽሕፈት ስም አለ። የሮቤ ሰው፣ የጊኒር ሰው፣ የሪራ ሰው። አራተኛው ፖስታ ላይ "የጎሮው ሐጂ አደም" ይላል።

ፖስታዋን ዘቀዘቅኳት። በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለች ነገር መዳፌ ላይ ወደቀች። ገለጥኳት። ወርቅማዋ ማሽን ናት! አንድ ጭረት እንኳ የላትም። ከእሷ ጋር የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት አለች።

"መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብብልኝ" አሉ እትዬ ብርቄ።

አነበብኩ። "የጎሮው ሐጂ አደም። የማሽኑ ኮይል ሽቦ ተበጥሷል። እዚህ አገር አይገኝም፣ ከውጭ አስመጣለሁ። እስከዚያ የሚሰግዱበት ሰዓት እንዳይቆም ለጊዜው ሌላ ማሽን ገብቶለታል። ዋናው ይህ ነው። ለሐጂ እንዲነግራቸው ለከማል ነግሬዋለሁ..."

እዚህ ላይ ድምፄ ቆመ።

"ጨርሰው እንጂ" አሉኝ።

አልቻልኩም። እትዬ ብርቄ ወረቀቷን ከእጄ ተቀብለው፣ ወደ ብርሃኑ ወጣ ብለው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ፣ ፊደል በፊደል እየቆጠሩ አነበቡ።

"ከ...ማል... አይ...ረሳም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የመጣልኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የት ተደብቆ እንደነበር አላውቅም። ሰዓቱን ይዤ ወደ ጎሮ ልሳፈር ስል ጋሽ ታደለ ከሌንሳቸው ቀና ሳይሉ "ውስጡ የውሰት መሆኑን ለሐጂ ንገራቸው፣ ዋናው እኔ ጋ አለ በላቸው" ብለውኝ ነበር። "እሺ ጋሼ" ብያለሁ።

ጎሮ ስደርስ ግን ሐጂ በሰው ተከበው ነው ያገኘኋቸው። "ወርቁ ተመለሰ!" እያሉ ሰዎቹ ያሞግሷቸዋል። ሰዓቱን አሰርኩላቸው፣ መረቁኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ሆዱ ፕላስቲክ ነው" እንዴት ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። ብቻቸውን ሲሆኑ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እሳቸው ወደ መስጊድ ገቡ፣ የእኔ መኪና ሞላ፣ ሄድኩ። እንደዚያ ሆኖ ቀረ። ምርቃቱን ለዓመታት ሳወራው መልእክቱን ግን ድራሹን አጥፍቼዋለሁ።

ለሐጂ ይሉኝታ ነበረኝ። ሰዓታቸውን ለመክፈት አፈርኩ፣ ጉድለቱን ለመናገር አፈርኩ። ጋሽ ታደለን ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ገበያ መሐል ሌባ አልኳቸው። መልስ መስጠት ስለማይችሉ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል እትዬ ብርቄ ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። ወረቀቷን አጥፈው መለሱልኝ። "አሁን የሚቀጥለው የጎሮ ገበያ መቼ ነው?" አሉ።

"አራት ቀን ቀርቶታል።"

"አብሬህ እሄዳለሁ" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

በዚያው ሰዓት አዲስ አበባ ላለው ደንበኛዬ ደወልኩ። ካጠራቀማቸው አሮጌ ሰዓቶች መሐል የዚያችው ዓይነት፣ የተሰነጠቀች ማሽን አግኝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። ኮይሏን አውጥቼ ወደ ሐጂ ማሽን አዛወርኩ። ስሠራ ሌላ ነገር ገባኝና ድጋሚ ደነገጥኩ። ዋናዋ ማሽን ሰዓቱ ውስጥ ብትሆን ኖሮ፣ ባትሪው ዘጠኝ ዓመት ሲፈስባት ተበልታ ታልቅ ነበር። ዝገቱ የበላው ፕላስቲኩን ነው። ወርቅማዋን ያዳናት ጋሽ ታደለ በብልጭልጭ ጠቅልለው፣ ስም ጽፈው ማስቀመጣቸው ነው። አዲስ ባትሪ አደረግኩ። ሰከንድ ቆጣሪዋ መጀመሪያ ፈዘዘች፣ ከዚያ አንዴ ዘለለች፣ ከዚያ አላቆመችም። ብቻዬን አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ጎሮ ከእትዬ ብርቄ ጋር ሄድን። መንገድ ላይ ስለ ስንዴው ዋጋና ስለ ብርዱ ብቻ አወሩኝ። ከብት ተራው ጋ፣ የዚያን ዕለት የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ሐጂን ልጅ ልኬ አስጠራኋቸው። ሰው ተሰበሰበ፤ "ሬሳ ገዢው ደግሞ ዛሬ ማንን ሊሰድብ ነው?" ሲል ሰማሁ አንዱን።

"ጋሽ ታደለ አልሰረቁም!" አልኩ። ከባለፈው አብልጬ ነው የጮህኩት። "ማሽኑ እኔው ሱቅ ውስጥ፣ ከሻዬ ሥር ስድስት ዓመት ተቀምጦ ነበር። ለሐጂ ንገር ተብዬ ተልኬ ያልነገርኩ እኔ ነኝ። ውሸታሙ እኔ ነኝ!" ወረቀቷን ለአንድ የገበያው ሽማግሌ ሰጥቼ እሳቸው ለሰው አነበቡት።

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱ "ወይ ጉድ!" ብሎ ትቶኝ ሄደ። ሐጂ አደም ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ አልፈውኝ ሄዱ። እትዬ ብርቄ ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ዲፋማ፣ አዴ ብርቄ። ይቅር በሉኝ። አይመልሱም አልኩት እንጂ፣ እኔም በልቤ አምኜው ነበር። ይህን ሁሉ ቀን ባለቤትዎን በሐሜት በላኋቸው።"

ይህን አልጠበቅኩም። እኔ ያበላሸሁትን እሳቸው ተሸክመው ይቅርታ ሲጠይቁ ማየት፣ ከሁሉ የባሰ ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት። እትዬ ብርቄ "እግዜር ይቅር ይበለን" አሏቸው። ሲጨባበጡ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ሰዓቱን ለሐጂ ልመልስ ብል እምቢ አሉ። "እሱ ውሃ ሆኗል" አሉኝ። እውነትም ጉድጓዱ አልቆ ነበር። "አንተው ጋ ይሁን። ብቻ ሙሽራ ሲጠይቅህ አትከልክል።" አልከለክልም። ካለፈው ዓመት ወዲህ አራት ሙሽሮች አስረውት መልሰውልኛል። እንዳያጥቡት ለእያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ እናገራለሁ። አዲስ አበባ ያለው ደንበኛዬ አሁንም ይለምነኛል፤ አልሸጥለትም።

ከአሥራ አንዱ ፖስታዎች የሰባቱን ባለቤቶች አግኝቻለሁ። የቀሩትን አራቱን እየፈለግኩ ነው። አሁን ሰዓት ስገዛም ስቀበልም፣ ሽማግሌም ይሁን ሐጂ፣ ፊቱ ላይ ነው የምከፍተው። "ይቅርታ፣ አንዴ ከፍቼ ልይልዎት" እላለሁ። የሚቀየም ይቀየማል።

ያቺን ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ከመስታወቱ ሥር አድርጌያታለሁ። ደንበኞች ያዩዋትና "ምንድን ነው የተጻፈው?" ይሉኛል። አነብላቸዋለሁ፤ ስለ ኮይሉ፣ ስለ ውሰቱ ማሽን፣ ለከማል ነግሬዋለሁ እስከሚለው ድረስ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ግን እስከ ዛሬ ድምፅ አውጥቼ ማንበብ አልቻልኩም።